የኮርቻ ሠሪውን ሪቬት ወደ ሱሪ ኪስ ያሻገረው ልብስ ሰፊ፦ ጄኮብ ዴቪስ (1831–1908)

በቆዳ ሥራ ለተሰማራን ሁሉ የመዳብ ሪቬት እንግዳ ነገር አይደለም። ክር ብቻውን የማይችለው ጫና በሚወድቅበት ቦታ፣ ይኸውም የርካብ ጠፍር ከኮርቻው ጋር በሚገናኝበት፣ የልጓም ማሰሪያ በቀለበቱ ዙሪያ በሚታጠፍበት፣ የከባድ ቦርሳ መያዣ ከቦርሳው አካል ጋር በሚያያዝበት ሁሉ፣ መርፌውን አስቀምጠን መዶሻውን እናነሣለን። ይህን ከመምህሮቻችን የተቀበልነው ልማድ ስለሆነ ከየት እንደ መጣና ወዴት እንደ ሄደ ብዙ ጊዜ አንጠይቅም።

ይሁን እንጂ ይህ ትንሽ የመዳብ ምስማር ከፈረስ ዕቃ ወጥቶ ዛሬ በዓለም ዙሪያ በሚለበሰው የጂንስ ሱሪ ላይ እንዴት ሊታይ እንደ ቻለ ብንመረምር፣ ነገሩ ወደ አንድ ልብስ ሰፊ ይመራናል። ስሙ ጄኮብ ዴቪስ ነው። በሱሪው ላይ ታትሞ የሚነበበው ስም ግን የእርሱ አይደለም። የዚህን ሰው ሕይወት በዚህ መጽሔት ላይ ለማውሳት የተነሣንበት ምክንያት ታዋቂነቱ ብቻ ሳይሆን፣ የፈጠራው መነሻ ከእኛው ሙያ የተወሰደ በመሆኑ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ከሪጋ እስከ ሪኖ

ዴቪስ በ1831 በዚያን ጊዜ በሩስያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር በነበረችው፣ ዛሬ የላትቪያ ዋና ከተማ በሆነችው በሪጋ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። የመጀመሪያ ስሙ ጄኮብ ዮፌስ ነበር። በወጣትነቱ የልብስ ስፌት ሙያ ተምሮ በ1854፣ በ23 ዓመቱ፣ ባሕር ተሻግሮ ኒውዮርክ ገባ። እዚያም የአባቱን ስም ትቶ ዴቪስ ተባለ።

ከዚያ በኋላ ያሉት አሥራ አምስት ዓመታት የመንከራተት ዘመን ነበሩ። በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ በኦጋስታ ከተማ ጥቂት ሠርቶ፣ በ1856 ወደ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ከዚያም በሰሜን ካሊፎርኒያ ወደምትገኘው ዊቨርቪል ሄደ። በ1858 በፍሬዘር ወንዝ ዳር ወርቅ ተገኘ የሚል ወሬ በተነዛ ጊዜ፣ እንደ ብዙዎቹ የዘመኑ ሰዎች እርሱም ዛሬ የካናዳ ክፍል ወደሆነው ወደ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ አቀና። በዚያ ከጀርመን የመጣች አኒ የምትባል ሴት አግብቶ ቤተሰብ መሠረተ፤ ስድስት ልጆችም ወለዱ።

በ1867 ቤተሰቡን ይዞ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ተመለሰ። በዚያው ዓመት በኔቫዳ ወደምትገኘው የብር ማዕድን ከተማ ወደ ቨርጂኒያ ሲቲ ተሻግሮ የሲጋራ ሱቅ ከፈተ፤ አልሰመረለትም። በ1868 የባቡር ሐዲድ ወደ ደረሰባትና ገና በመቆርቆር ላይ ወደነበረችው ወደ ሪኖ ተዛውሮ ገንዘቡን በቢራ ጠመቃ ላይ አዋለ፤ ይህም ኪሳራ ሆነበት። በመጨረሻ ወደሚያውቀው ሙያ፣ ወደ መርፌና ወደ መቀሱ፣ ተመለሰ።

በጠረጴዛው ላይ የነበሩት ሪቬቶች

ሪኖ ለጌጥ ልብስ የምትመች ከተማ አልነበረችም። የዴቪስ ደንበኞች የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች፣ ሠረገላ ነጂዎችና እንጨት ቆራጮች ነበሩ። ስለዚህም ከሱሪና ከኮት ይልቅ ድንኳን፣ የሠረገላ ሽፋንና የፈረስ ብርድ ልብስ ይሰፋ ነበር። የሚሠራበት ጨርቅ ዳክ የሚባለው ከአቡጀዲ እጅግ የወፈረ የጥጥ ሸራና ዴኒም ሲሆን፣ ይህንንም የሚገዛው በሳን ፍራንሲስኮ ከነበረው ከጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው ከሌቪ ስትራውስ ድርጅት ነበር።

የፈረስ ብርድ ልብስ ማሰሪያ ያስፈልገዋል። ፈረሱ ሲነቃነቅ፣ ሲተኛና ሲነሣ ማሰሪያው የተሰፋበትን ጨርቅ እየጎተተ ክሩን ይበጥሳል። ዴቪስ ለዚህ ያገኘው መፍትሔ ኮርቻ ሠሪዎች ከእርሱ በፊት ለረጅም ጊዜ ይጠቀሙበት የነበረው የመዳብ ሪቬት ነው። በመሆኑም በጠረጴዛው ላይ መርፌና ክር ብቻ ሳይሆን ሪቬትና መዶሻም ይገኝ ነበር። ታሪኩን የለወጠው ይህ የመሣሪያዎች ጉርብትና ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1870 ማብቂያና በ1871 መባቻ መካከል የአንድ እንጨት ቆራጭ ሚስት ወደ ሱቁ መጥታ ለባልዋ ጠንካራ ሱሪ እንዲሰፋላት ጠየቀች። ሰውዬው ሰውነቱ ግዙፍ፣ በሕመምም ያበጠ ስለነበረ ተሰፍቶ የሚሸጥ ሱሪ አይበቃውም ነበር፤ ራሱም ለመለካት ሊመጣ አልቻለም። ዴቪስ ልኩን በሲባጎ ወስዳ በቋጠሮ ምልክት እያደረገች እንድታመጣለት ነገራት። ሴትዮዋ 3 ዶላር አስቀድማ ከፈለች፤ እርሱም ከነጭ ዳክ ሱሪውን ሰፋ። ሱሪው ሊያልቅ ሲል ዓይኑ ለፈረስ ብርድ ልብስ ማሰሪያ በተዘጋጁት ሪቬቶች ላይ አረፈ። በዚያው ቅጽበት የኪሶቹን ማዕዘን በእነዚህ ሪቬቶች መምታት እንደሚቻል ታየው፤ አደረገውም።

በመጀመሪያው ወር ጥቂት ሱሪዎች ብቻ ተሸጡ። ነገር ግን የለበሳቸው ሠራተኛ ራሱ የሚንቀሳቀስ ማስታወቂያ ሆነ። በአሥራ ስምንት ወራት ውስጥ 200 ያህል ሱሪዎች ሠርቶ ሸጠ። በአንዲት ትንሽ የባቡር ከተማ፣ በአንድ ልብስ ሰፊ እጅ፣ ይህ ቁጥር ትንሽ አይደለም።

ቀደዳው የሚጀምርበት ቦታ

የዴቪስ አስተዋይነት ሪቬቱን በመምታቱ ሳይሆን የሚመታበትን ቦታ በመለየቱ ላይ ነው። ኪስ ማለት ሁለት ጫፍ ያለው ስንጥቅ ነው። እጅ በገባ፣ ድንጋይ ወይም መሣሪያ በተከተተ ቁጥር ጉትቻው ሁሉ በስንጥቁ ጫፍ ላይ ይሰበሰባል። በዚያ ያለችው የመጨረሻዋ ስፌት ስትበጠስ ጫናው ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ እንዲህ እያለ ስፌቱ ይተረተራል። ቆዳ ሠራተኛ በጠፍር ላይ የተሰነጠቀውን ቀዳዳ ጫፍ በክብ መብሻ የሚበሳው ይህንኑ ስለሚያውቅ ነው። ሪቬት ጫናውን ከአንዲት ክር አንሥቶ በራሱና በሮንዴላው መካከል በተቆነጠጠው ስፋት ሁሉ ላይ ያከፋፍለዋል።

መዳብ የተመረጠበትም ምክንያት ለባለሙያ ግልጽ ነው። ለስላሳ ስለሆነ ሳይሞቅ በመዶሻ ይደፋል። እንደ ብረት አይዝግም፤ ብረት በዕፅዋት በተለፋ ቆዳ ላይ ውሃ ሲነካው የሚያወጣውን ጥቁር እድፍ አያመጣም። እርግጥ ከቆዳው ስብ ጋር ሲገናኝ አረንጓዴ ሻጋታ መሰል ነገር ያወጣል፤ ይህ ግን ይጠረጋል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በፊላዴልፊያ የእሳት አደጋ የቆዳ ቱቦዎችን ስፌት በመዳብ ሪቬት የተኩት ሰዎችም ያዩት ይህንኑ ብርታት ነበር፤ በክር የተሰፋው ቱቦ የውሃውን ግፊት መቋቋም አቅቶት ይተረተር ነበርና።

ስለ ሪቬቱ አጨራረስ

እዚህ ላይ ከታሪኩ ጥቂት ወጣ ብለን በእጅ የሚመታ ሪቬት የሚጠይቀውን ሥራ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ወደ ኋላ የምንተርከው ነገር ያለዚህ አይገባምና። ሪቬቱ በጠባብ ቀዳዳ ከፊት ወደ ኋላ ያልፋል። ሮንዴላው በእግሩ ላይ ይጠልቅና መካከሉ ክፍት በሆነ ብረት ተመትቶ ሥራው ላይ እስኪጣበቅ ድረስ ይወርዳል። ከዚያም ትርፉ እግር ይቆረጥና የቀረው በክብ አናት መዶሻ ቀስ በቀስ ተመትቶ ይደፋል።

ከእነዚህ ሁሉ ሥራውን የሚያበላሸው ወይም የሚያሳምረው መቁረጡ ነው። ለመካከለኛ ሪቬት ከሮንዴላው በላይ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊሜትር ያህል ማስቀረት ይበቃል። ከዚህ ካነሰ የሚደፋው መዳብ ሮንዴላውን አይዝም፤ ከበዛ ደግሞ እግሩ ከመደፋቱ በፊት ውስጥ ለውስጥ ይጎብጣል። በጎኑ የሚቆርጥ ተራ ፒንሳ ሁለት ጉድለት አለበት፤ አንደኛ አፉ ወደ ሮንዴላው ሊጠጋ አይችልም፤ ሁለተኛ ጫፉን እንደ ጣራ አሹሎ ይተወዋል። ሹል ጫፍ ሲመታ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል፤ ጠርዙም ይሰነጠቃል። የብረት መጋዝ ቀጥ አድርጎ ይቆርጣል፤ ግን ያዘግማል፤ ብናኙንም በቆዳው ውስጥ ይተዋል። መሮ እግሩን አጣሞ ቀዳዳውን ያሰፋል። ለዚህ ሥራ የሚስማማው አፉ ፊት ለፊት የሚገጥም፣ የፊት ገጹ ጠፍጣፋ ሆኖ የተሞረደ፣ እጀታውም ረዘም ያለ መቁረጫ ጉጠት ነው። ገጹ ጠፍጣፋ በመሆኑ ከሮንዴላው በላይ የሚቀረውን ልክ ዓይን በቀላሉ ይመዝነዋል፤ የእጀታው ርዝመትም ወፍራሙን እግር ሳይታገሉ ለመቁረጥ ያስችላል። ሲቆርጡ ጉጠቱን መጠምዘዝ አይገባም፤ የሚፈናጠረውንም ቁራጭ በሌላው እጅ ከልሎ ዓይንን መጠበቅ የሥራው ወግ ነው።

ይህን ሁሉ የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። በአንድ ሱሪ ላይ ስድስትም ስምንትም ሪቬት ቢኖር፣ እያንዳንዱ ከሰው ገላ ጋር የሚገናኝ ነው። በፈረስ ብርድ ልብስ ላይ የሚታለፍ ሸካራ ጫፍ በሰው ወገብ ላይ አይታለፍም። የኮርቻ ሠሪው ልማድ ወደ ልብስ ሲሻገር ከእርሱ ጋር የአጨራረሱ ኃላፊነትም አብሮ ተሻገረ።

የፈጠራ መብቱ

ሱሪው እየታወቀ ሲሄድ ጎረቤት ልብስ ሰፊዎች መቅዳት ጀመሩ። ዴቪስ ፈጠራውን በሕግ ለማስጠበቅ ፈለገ፤ ለማመልከቻው የሚያስፈልገው 68 ዶላር ግን ለእርሱ ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ስለዚህ በ1872 ወደ ጨርቅ አቅራቢው ወደ ሌቪ ስትራውስ ደብዳቤ ላከ። በእንግሊዝኛ መጻፍ ስለማይሆንለት ደብዳቤውን በከተማው የነበረ መድኃኒት ሻጭ ጻፈለት። ከደብዳቤው ጋር ሁለት ሱሪዎች፣ አንዱን ከዳክ አንዱን ከሰማያዊ ዴኒም የተሠራ፣ አብሮ ሰደደ። ያቀረበው ሐሳብ ስትራውስ ወጪውን ችሎ መብቱን በጋራ እንዲይዙ ነበር። ስትራውስ በ1829 በባቫርያ የተወለደ፣ በንግድ ብልህ የሆነ ሰው ነበርና የነገሩን ዋጋ ወዲያው ተረዳ።

የመንግሥቱ የፈጠራ መብት መሥሪያ ቤት ግን ማመልከቻውን በቀላሉ አልተቀበለም። ሪቬት በጫማ ስፌት ላይ አስቀድሞ ሥራ ላይ የዋለ ነገር መሆኑ ተነሣ፤ ማመልከቻውም በተደጋጋሚ ተመልሶ እንዲታረም ተደረገ። በመጨረሻ በግንቦት 20 ቀን 1873 በቁጥር 139,121 የተሰጠው ሰነድ ለእኛ ሙያ ልዩ ትርጉም አለው። በውስጡ ዴቪስ በ1867 እና በ1872 ለጫማ ስፌት የተሰጡ ሁለት ቀደምት መብቶችን ጠቅሶ፣ ስፌትን በሪቬት ማጠናከርን በጠቅላላው የእኔ ነው እንደማይል፣ የእርሱ ፈጠራ የኪስን አፍ ጫፎች በዚህ መንገድ ማጽናት ብቻ እንደሆነ አረጋግጧል። ሮንዴላ መጨመር የሚፈልግም በተለመደው መንገድ ሊጨምር እንደሚችል ይገልጻል። ይህ በተለመደው መንገድ የተባለው ነገር ከኮርቻ ሠሪውና ከጫማ ሠሪው ጠረጴዛ የመጣ ልማድ ነው። እንግዲህ ሕጉ ራሱ የቆዳ ሠራተኛውን ቀዳሚነት መስክሮ፣ ለልብስ ሰፊው የሚገባውን ድርሻ ለይቶ ሰጠው ማለት ይቻላል።

ሳን ፍራንሲስኮ

በዚያው በ1873 ዴቪስ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ተዛወረና የሱሪውን ምርት መምራት ጀመረ። በመጀመሪያ ጨርቁ እየተቆረጠ በየቤታቸው ለሚሰፉ ሴቶች ይሰጥ ነበር፤ ፍላጎቱ ሲበዛ ግን ሥራው በፋብሪካ ውስጥ ተጠቃለለ። ዴቪስ ከዚያ በኋላ ሕይወቱን በዚሁ ሥራ ላይ አሳለፈ። ከአሥራ አምስት ዓመት መንከራተትና ከተደጋጋሚ ኪሳራ በኋላ ቋሚ ቦታ ያገኘው በዚህች ትንሽ መዳብ አማካይነት ነው።

በሪቬቱ ራስ ላይ የታተመው ግን የድርጅቱ ስም መነሻ ፊደላትና የመብቱ ዓመተ ምሕረት ነበር። በ1886 በሱሪው ወገብ ላይ ሁለት ፈረሶች ሱሪ ሲጎትቱ የሚያሳይ የቆዳ ምልክት ተጨመረ፤ የዴቪስ ስም በዚያም አልነበረም። በ1890 የፈጠራ መብቱ ዘመን ሲያበቃ ሌሎች ፋብሪካዎችም በሪቬት የተጠናከረ ሱሪ ለመሥራት ነፃ ሆኑ። ስትራውስ በ1902፣ ዴቪስም በ1908 በሳን ፍራንሲስኮ ሞቱ።

ከእርሱ ሞት በኋላም ሪቬቱ ስለ አጨራረስ የሚያስተምረውን አላቆመም። በኋላ ኪሶች ላይ የነበሩት ሪቬቶች ኮርቻና የቤት ዕቃ ይቧጭራሉ የሚል አቤቱታ በመብዛቱ ድርጅቱ በ1937 በጨርቅ ውስጥ ደበቃቸው። በ1966 ደግሞ ከኋላ ኪስ ፈጽሞ አውጥቶ በጠንካራ ስፌት ተካቸው። ከኮርቻ ሠሪው የተወሰደው ሪቬት ተመልሶ ኮርቻን በመቧጨር መከሰሱ ለሙያችን ሰዎች ፈገግታ የሚያጭር ቢሆንም፣ ቁም ነገር አለበት። ማያያዣ የሚመዘነው በሚይዘው ነገር ብቻ ሳይሆን በሚነካውም ነገር ነው።

ታሪኩ እንዴት ተረፈ?

በሚያዝያ 1906 ሳን ፍራንሲስኮን ያወደመው የመሬት መንቀጥቀጥና ቃጠሎ የድርጅቱን ሕንፃና መዛግብት አጠፋ። ስለ እንጨት ቆራጩ ሚስት፣ ስለ ሲባጎው ቋጠሮ፣ በጠረጴዛው ላይ ስለነበሩት ሪቬቶች የምናውቀው በሌላ መንገድ ነው። በ1874 ድርጅቱ ፈጠራውን ቀድተዋል ባላቸው ሰዎች ላይ ክስ መሥርቶ ነበር፤ በዚያ ክርክር ዴቪስ ለምስክርነት ተጠርቶ ነገሩ እንዴት እንደ ጀመረ በዝርዝር አስረዳ። ቃሉም በፍርድ ቤቱ መዝገብ ሰፍሮ ቆየ። ክሱ ባይኖር ኖሮ ያ ሁሉ በቃጠሎው ጠፍቶ፣ የነጋዴው ስም ብቻ በቀረ ነበር።

ይህ ነገር የማኅበራችንን አባላት በቀጥታ የሚነካ ነው። በየሥራ ቤታችን የትኛው ጉጠት ለየትኛው ሪቬት እንደሚስማማ፣ ስንት ሚሊሜትር እንደሚቀር፣ ጠፍሩ የት ላይ እንደሚበጠስ በልምድ ያወቁ ሰዎች አሉ። ዕውቀታቸው በእጃቸው ላይ ነው፤ እጁ ሲያርፍ ዕውቀቱም አብሮ ያርፋል። ዴቪስን የጠየቀው ፍርድ ቤት ነው። የእኛን ባለሙያዎች ለመጠየቅ ግን ክስ እስኪመጣ መጠበቅ አይገባንም፤ ጠይቆ መጻፍ፣ ከስማቸውም ጋር ማኖር የሙያ ባልደረቦች ድርሻ ነው።

በ2006 በሪኖ ከተማ የዴቪስ ሱቅ በነበረበት ቦታ መታሰቢያ ጽሑፍ ቆመለት። ከሞተ 98 ዓመት አልፎት ነበር። ለእኛ ግን መታሰቢያው ከዚያም ይቀርበናል። የተጨረሰውን ሥራ ገልብጠን የተደፋውን የሪቬት ጫፍ በአውራ ጣታችን ስንዳስስና ምንም ሳይቧጭረን ሲቀር፣ ያ ልብስ ሰፊ ከሙያችን የተዋሰውን ነገር በሚገባ እንደያዝነው እናውቃለን።